የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ሠራዊት

ባለፈው ሐምሌ ወር ለአንድ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ወደ ለንደን ከተማ ተጕዘን፥ በስተ ሰሜን ባለው የከተማው ክፍል በሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ቤት ዐሥራ ሁለት ቀን በእንግድነት ሰነበትን። ስለ ለንደን ብዙ ሰው ጽፏል፤ ስለ ድልድዮቿም ሆነ ስለ ነገሥታቷ አዳራሽ አንባቢዎቻችን ከዚህ በፊት ሰምተዋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አንድ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ፥ ስለ አንድ የሰፈር አዳራሽና ስለ አንድ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ነው። በሦስቱም ያየነው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱም ቁመቱ ከአውራ ጣት አንጓ የማይበልጥ በቀለም የተቀባ ወታደር ነው።

በደረስንበት ምሽት እራት የቀረበልን ዘግይቶ ነበር፤ ጠረጴዛው አልተለቀቀምና። የቤቱ ልጅ፥ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ጐረምሳ፥ ሠላሳ ስድስት ትንንሽ የብረት ወታደሮችን እያንዳንዳቸውን በጠርሙስ ቆርኪ ላይ አጣብቆ አሰልፎበት ነበር። ቀይ ኰት የደረሰላቸው ነበሩ፤ ገና ጥቍር ሆነው ተራቸውን የሚጠብቁም ነበሩ። እናቱ የእንጀራውን ትሪ ይዛ ቆማ፥ ልጁ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ጠርዝ እስኪያዛውራቸው ድረስ ጠበቀች። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብላ፥

«ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይዳኙን፤ ይህ ነገር ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን አልበደለም፥ አልዋሽም። ነገር ግን ልጄ በጦርነት ሲጫወት እያየሁ ደስ ይበለኝ? የእኔ አባት ከጦር ሜዳ አልተመለሱም። ትምህርት ሲከፈት እነዚህ ከቤቴ ይውጡልኝ ብዬዋለሁ» አለችን።

ልጁ አንገቱን ደፋ። አባትየው የሌሊት ሥራ ስለ ነበረው በዚያ ሰዓት በቤት አልነበረም፤ በኋላም እንደ ተረዳነው በዚህ ክርክር ውስጥ መግባት አይወድም ነበር። እኛም እንግዳ ሆነን ሳናይ መፍረድ አይገባንም ብለን፥ ከመሄዳችን በፊት ቃላችንን እንሰጣለን ስንል ቀጠሮ ወሰድን። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ምሽት ሐሳባችን ከእናትየው ጋራ ነበር።

በማግሥቱ ልጁ ሥራውን ሲሠራ ከአጠገቡ ተቀመጥን። ወታደሮቹ ቆርቆሮና ሌሎች ማዕድናት ተቀላቅለው ቀልጠው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሱ ናቸው፤ ዛሬ ከፕላስቲክ የሚሠሩም ብዙ አሉ። የእነዚህ ቁመት 28 ሚሊሜትር ነው። ከሻጩ ዘንድ ሲመጡ ቀለም የላቸውም፤ ይልቁንም የቅርጽ ማውጫው ሁለት ገጾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በትከሻቸውና በእግራቸው ላይ ይታያል። ይህ መስመር በትንሽ ሞረድና በቢላ ካልተፋቀ ቀለም በነካው ጊዜ እንደ ጠባሳ ጐልቶ ይወጣል። ቀጥሎ በሳሙና ውኃ ይታጠባሉ፤ ቅባት ያለበት ብረት ቀለም አይዝምና። ከዚያ የወታደሩ እግር በቆርኪ ላይ ይጣበቃል፤ ሠዓሊው ቆርኪውን እንጂ ወታደሩን በጣቱ እንዳይነካው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጊዜ ጥቍር የመሠረት ቀለም ይነፋበታል። እንግዲህ አንድም ቀይ ጠብታ ሳይወርድ አንድ ምሽት አልፏል ማለት ነው።

ቀለሙ በውኃ የሚቀጥን ነው። ልጁ በአንድ የሣጥን ክዳን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፎ፥ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ዘርግቶ፥ ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ያኖረዋል፤ ከሥር ያለው ርጥበት ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋልና። እኛ እጅግ ቀጭን ብሩሽ የሚያስፈልግ መስሎን ነበር። እርሱ ግን ወፈር ያለ፥ ከእንስሳ ጠጕር የተሠራ ብሩሽ አሳየንና፥ «ጋሼ፥ ቁም ነገሩ ጫፉ ነው። ቀጭኑ ብሩሽ ቀለም ስለማይዝ ወታደሩ ላይ ሳይደርስ ይደርቅበታል» አለን። ብሩሹን ጠጕሩ ከብረቱ እስከሚገናኝበት ድረስ ነክሮ አያውቅም፤ በዚያ ቀለም ከገባ ጠጕሩ ተበታትኖ ጫፉ እንደሚጠፋ በገንዘቡ ተምሯል።

አቀባቡም ቅደም ተከተል አለው። አንዱን ወታደር ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አይሄድም። በመጀመሪያ የሠላሳ ስድስቱን ሁሉ ሱሪ ግራጫ ይቀባል፤ ቀጥሎ የሁሉን ኰት፥ ቀጥሎ በደረት ላይ የሚጠላለፈውን ነጭ ማንገቻ፥ ቀጥሎ የጠመንጃውን እንጨት። እጅግ የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ልጁም አልካደም። በሰባተኛው ማንገቻ ላይ ደርሶ ሲተነፍስ ሰምተነዋል። ከዚህ በኋላ ውኃ የበዛበት ቡናማ ቀለም በመላ አካላቸው ላይ ይፈስሳል፤ ይህ ቀለም ወደ ጨርቁ እጥፋትና ወደ ጣቶቹ መካከል ወርዶ በደረቀ ጊዜ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ ብርሃን በሚያርፍበት በትከሻ፥ በጕልበትና በአፍንጫ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይነካል። ያን ጊዜ ግዑዙ ብረት ሰው ሆኖ ሲነሣ በዐይናችን አየን።

ዐይን መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው። ብዙዎች በዚህ መጠን ዐይን አይታይም እያሉ ይተዉታል። ይህ ልጅ ግን አይተወውም። ፈረንሳዮቹንም ወታደሮች አሳይቶን ነበር፤ ለእነርሱም ሁለት ሁለት ዐይን አውጥቶላቸዋል። በአገራችን የዐድዋን ጦርነት የሚሥሉ ሊቃውንት ወገንን ሁለት ዐይኑን እያሳዩ፥ ጠላትን ግን በአንድ ወገን ፊቱ ብቻ አድርገው እንደሚሥሉ ነገርነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር፤ ጥቂት አሰበና፥ «እነዚህን ግን በዚያ በኩል የሚቀመጠውም ሰው ያያቸዋል» አለን።

በሦስተኛው ምሽት እኛም አንድ ወታደር እንድንቀባ ተፈቀደልን። ሳንደብቅ እንናገራለን፤ አበላሸነው። ቀለሙን ሳናቀጥን ስለ ጫንንበት አፍና አፍንጫው ተደፍኖ ፊቱ የቀይ ሽንኵርት ልጣጭ መሰለ። ልጁ እንደ ጨዋ ልጅ ሳይስቅ ተቀበለንና ወደ ጎን አኖረው። እናትየው ግን ከምድጃው አጠገብ ሆና ሳቀች፤ በዚያ ሰሞን በዚህ ነገር ስትስቅ ያየናት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቀለሙ ነው፤ አሰላለፉ ከዚህ የጠለቀ ነገር አለው። ልጁ የሚያሰናዳው ጦር በዋተርሉ የተዋጋው የእንግሊዝ 27ኛው የእግረኛ ጦር ነው፤ ሰዎቹ አብዛኞቹ የአየርላንድ ልጆች ነበሩ። የዋተርሉ ጦርነት የተደረገው በቤልጅግ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 18 ቀን 1815 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታችም ለይተን ካላመለከትን በስተቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው በዚሁ አቈጣጠር ነው። የዚህ ጦር የኰት አንገትጌና የእጅጌ ጫፍ እንደ ደረቀ የጤፍ ገለባ ያለ ቀለም ነበረው፤ የጎረቤቱ ጦር ሌላ፥ የሌላው ደግሞ ሌላ ቀለም ነበረው። ልጁ ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት እየፈለገ ያገኛል። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ሌሊት ብርቱ ዝናም እንደ ዘነመ አንብቦ ነበርና፥ ሱሪያቸውን እስከ ጕልበት በጭቃ ቀለም አቈሸሸው። ንጹሕ ሱሪ ለብሰው ቢቆሙ ውሸት ይሆናል አለን።

ሠላሳ ስድስት የሆኑትም በዘፈቀደ አይደለም። ጦሩ በዚያ ቀን 700 ያህል ሰው ነበረው። በጨዋታው ሕግ አንድ ምስል የሃያ ሰው ምትክ ስለ ሆነ፥ ሠላሳ ስድስቱ ለ720 ሰው ይቆማሉ፤ አራት አራት ሆነው በዘጠኝ ትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ይጣበቃሉ። ልጁ ይህን ሲያስረዳን እናቱ ሰሐን ታጥብ ነበር። ውኃውን ዘጋችና፥

«አንዱ ሃያ ሰው ነው?» አለችው።

«አዎ እማዬ።»

«በዚያ ቀን ስንቱ ሞተ?»

ልጁ ሊመልስ ፈራ፤ በኋላ ግን የሞተውና የቈሰለው በአንድነት ከ450 በላይ እንደ ሆነ ነገራት። በምስል ሲቈጠር ከሠላሳ ስድስቱ ሃያ ሦስቱ ማለት ነው። እናቱ እጇን አደረቀችና ወደ መስኮቱ ሄዳ ሰልፉን አየችው። «እያንዳንዱ ሃያ እናት አለው በለኛ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጁ በዚያ ምሽት ሌላ አልቀባም።

ቅዳሜ ማታ ልጁ ከጓደኞቹ ጋራ ወደሚጫወትበት የሰፈር አዳራሽ አብረን ሄድን። ርዝመቱ 180፥ ወርዱ 120 ሴንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ፥ ኰረብታ፥ አጥርና ትንንሽ ቤቶች ተቀምጠውበት ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ከልጆቹ ይልቅ ሽማግሌዎች በዝተው አየን። ጩኸትና ፉከራ ጠብቀን ነበር፤ ያገኘነው ግን የመለኪያ ሜትር፥ የሕግ መጽሐፍና ብዙ ዝምታ ነው። ወታደሩ የሚራመደው በሕግ በተወሰነለት ስንዝር ልክ ነው፤ ተኵሱ መምታቱና መሳቱ በዳይስ ይለያል፤ ከሰዎቹ ብዙ የጐደለበት ጦር አዛዡ ቢወድም ባይወድም ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ የመጨረሻው ሕግ አስደነቀን። በልጅነታችን በጭቃ ወታደር ስንጫወት የእኛ ወገን ከቶ ሸሽቶ አያውቅም ነበርና።

የዚህ ጨዋታ አባቶች የፕሩስያ ሰዎች ናቸው። ራይስቪትስ የሚባል ሰው በ1812 ዓ.ም. ለንጉሡ ለፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሣልሳዊ መሬትን በሚመስሉ ቍርጥራጮች የሚሰናዳ የጦርነት ጠረጴዛ ሠርቶ አቀረበ። ልጁ የአባቱን ሥራ አሻሽሎ በካርታ ላይ የሚደረግ አደረገው፤ ሕጉንም በ1824 ዓ.ም. አሳተመው። በመካከል ዳኛ ተቀመጠ፤ ዕድልን የሚያመለክት ዳይስም ገባበት። ያን ጊዜ የጦር ኤታማጆር ሹም የነበረው ጄኔራል ሙፍሊንግ አይቶ እጅግ ስለ ተደነቀበት ለሠራዊቱ ሁሉ ትምህርት እንዲሆን አደረገ። ይኸው ሙፍሊንግ በዋተርሉ ቀን በእንግሊዙ አዛዥ በዌሊንግተን አጠገብ የፕሩስያ መልእክተኛ ሆኖ የቆመ ሰው ነው፤ አንባቢ ይህን ያስታውስልን፥ ፕሩስያኖቹን ኋላ እንፈልጋቸዋለንና።

ለመኰንኖች ትምህርት የነበረው ነገር ወደ ቤተሰብ ሳሎን የገባው በእንግሊዝ ነው። በ1893 ዓ.ም. የዊልያም ብሪተን ፋብሪካ እርሳስን አቅልጦ በቅርጹ ውስጥ ካፈሰሰ በኋላ፥ ውጭው ብቻ እንደ ረጋ መካከሉን መልሶ የሚደፋበት ዘዴ አወጣ። ወታደሩ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ክብደቱም ዋጋውም ቀነሰ፤ የእንግሊዝ ልጆችም ሠራዊት በሠራዊት ሆኑ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ይኸው ፋብሪካ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛ የሚመስሉ ወታደሮች በሣጥን አድርጎ ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ የኢጣልያንም ወታደሮች እንዲሁ። አባቶቻችን በማይጨው ሲወድቁ በለንደን ምንጣፍ ላይ የእነርሱ ምስል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ስናስብ ምን ይሰማን ዘንድ እንደሚገባ ዛሬም አልለየንም።

ታላቁ ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ዓ.ም. የዚህን ጨዋታ ሕግ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በሞላ በእንጨት ፍላጻ የሚተኵስ የአሻንጉሊት መድፍ ይዞ በወለል ላይ ተንበርክኮ የሚጫወት ሰው ነበር። በመጽሐፉም መጨረሻ፥ ይህን ጨዋታ ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የስሕተት ክምር እንደሚሆን ይገባዋል ሲል ተከራከረ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ በዓመቱ የ1914 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ብዙውን ነገር የተማሩት ግን በ1962 ዓ.ም. ከታተመው ከዶናልድ ፌዘርስቶን መጽሐፍ ነው፤ እርሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታንክ ክፍል ያገለገለ፥ በኋላም የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ጕዳት የሚያክም ባለሙያ የነበረ ሰው ነው። ጦርነትን በዐይኑ ያየ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ በዚህ መጫወቱ መጀመሪያ እንቆቅልሽ ሆነብን። በአዳራሹ ውስጥ የነበሩትን ሽማግሌዎች ስናይ ግን ጥቂት ተፈታልን፤ የሚጣደፍ አልነበረባቸውም፥ የወደቀውንም ምስል በሁለት ጣታቸው አንሥተው በእርጋታ ያስተኙት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ግን በቸልሲ ያየነው ነው። ልጁ ይህን ቦታ ለእናቱ ለማሳየት ከጀመረ ቈይቶ ኖሯል፤ እርሷ ግን ፈቃደኛ አልሆነችም ነበር። በዚህ ጊዜ ለእንግዳ ክብር ስትል ነጠላዋን አጣፍታ አብራን ወጣች። በምድር ውስጥ ባቡር እስከ ስሎን አደባባይ ድረስ ሄደን፥ ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ደረስን። ቦታው የአረጋውያን ወታደሮች መጦሪያ በሆነው በንጉሣዊው ሆስፒታል አጠገብ ነው፤ ቀይ ካባ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው በመንገድ ሲያልፉ ልጁ እናቱን በክንዱ ነካ አደረጋትና፥ «ያው ቀይ ነው» አላት። ለመግቢያ ገንዘብ አይከፈልም።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ በዚያ በር የሚገባ ሰው ሌላ ነገር ያስታውሳል። በመቅደላ የሞቱት የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር፥ አስከሬናቸውን የሣለው ሰው ቤተሰብ በ1959 ዓ.ም. ለዚህ ሙዚየም ሰጥተውት፥ እስከ መጋቢት 2011 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር ድረስ በዚያ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ወር ለኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። እናትየው ይህን ስንነግራት በሩ ላይ ቆም አለች፤ ከዚያም አማተበችና ገባች።

የመስታወቱ ሣጥን የአንድ ሰፊ ክፍል ወለል ያህላል። በውስጡ የዋተርሉ ሜዳ ከነኰረብታው፥ ከነመንገዱ፥ ከነሰብሉ ተዘርግቷል፤ በሜዳውም ላይ 75,000 ያህል የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደሮች ቆመዋል። የአንዱ ቁመት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከሩቅ ሲታይ ገብስ የበቀለበት ይመስላል፤ ጐንበስ ብለው ሲያዩት ግን ፈረሱ፥ ባንዲራው፥ የወደቀውም ሰው ይለያል።

ይህን የሠራው ዊልያም ሳይቦርን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ነው። በ1830 ዓ.ም. የጦር አለቆቹ የዋተርሉን ምስል እንዲሠራ አዘዙት። እርሱም ወደ ቤልጅግ ሄዶ በጦርነቱ መካከል በነበረችው ላ ኤ ሳንት በምትባል የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ከዚያ ከጦርነቱ ተርፈው በሕይወት ላሉት መኰንኖች ደብዳቤ ጻፈ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ፥ የናፖሌዎን የክብር ዘበኛ የመጨረሻውን ግሥጋሤ ባደረገ ጊዜ፥ ጦራችሁ በየትኛው ቦታ ቆሞ ነበር? ከፊታችሁስ ማን ነበር? በቆማችሁበት እርሻ ላይ የበቀለው ሰብል ምን ነበር? እያለ ጠየቃቸው። 700 ያህል መልስ መጣለት። ሰው ስለ ጦርነት ብዙ ይጠይቃል፤ እግራችሁ የረገጠው ስንዴ ነው ወይስ አጃ ብሎ የጠየቀ ግን ከዚህ ሰው በቀር ሰምተን አናውቅም።

መከራውም ከዚህ ጀመረ። በ1833 ዓ.ም. መንግሥት ገንዘቡን ከለከለው፤ እርሱ ግን በራሱ ገንዘብና በብድር ሥራውን ቀጠለ። ወጪው 3,000 ፓውንድ ያህል ደረሰ፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነበር። መልሶቹን አንድ ላይ ሲያስተያይ፥ በዚያች ሰዓት የፕሩስያ ሠራዊት በናፖሌዎን ጐን በብዙ ሺሕ ሆኖ ደርሶ እንደ ነበር አገኘ፤ ያገኘውንም በሜዳው ላይ አቆመው። ይህ ለዌሊንግተን አልተስማማውም። ድሉ የእንግሊዝ ነው ወይስ የሁለቱ? የሚለው ጥያቄ በቆርቆሮ ወታደሮች ላይ ወደቀ። መስፍኑ በቀጥታ ሳይሆን በጸሓፊው በኩል ስሕተት መሆኑን አሳሰበው። ሳይቦርን ብዙ ጊዜ ተከራከረ፤ ማስረጃውንም አቀረበ። በመጨረሻ ግን ተሸንፎ ብዙ ሺሕ ፕሩስያኖችን ከሜዳው አነሣ።

ምስሉ በ1838 ዓ.ም. በለንደን ለሕዝብ ታየ፤ 100,000 ያህል ሰው እየከፈለ ገብቶ አየው። ሳይቦርን ግን ከዕዳው አልወጣም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሌላ ምስል ደግሞ በሚበልጥ መጠን መሥራቱ ይገርማል፤ እርሱ ዛሬ በሊድስ ከተማ ይገኛል። በ1844 ዓ.ም. የጦርነቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። በኋላ በዚያው በቸልሲ በወታደሮች ልጆች ማሳደጊያ ጸሓፊ ሆኖ አገለገለ፤ በ1849 ዓ.ም. ሞተ። ማሳደጊያው የነበረው ሕንፃ ዛሬ የሥዕል ማሳያ ሆኖ ከሙዚየሙ ሳይርቅ ቆሟል። ከተቀበላቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹን ልጁ በ1891 ዓ.ም. አሳተማቸው፤ መስፍኑ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

ልጁ ይህን ሁሉ ለእናቱ በዝግታ፥ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ፥ ቃል ሲጠፋው ወደ እኛ እያየ ነገራት። ከዚያም ላ ኤ ሳንትን በጣቱ አሳያትና፥ ከእርሷ በስተኋላ መንገዶቹ ከሚገናኙበት አጠገብ፥ «የእኛዎቹ እዚህ ጋ ናቸው» አላት። 27ኛው ጦር በዚያ ቦታ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ፥ ሳንጃውን በአራቱም ወገን ወደ ውጭ አድርጎ ቆሞ ነበር። እንዲህ የተሰለፈን እግረኛ ፈረሰኛ አይጥሰውም፤ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚቆም ግን ለመድፍና ለጠመንጃ የተመቸ ዒላማ ነው። በቆሙበት ያለቁትም በዚህ ነው።

«ለምን አልሸሹም?» አለች እናቱ።

«ቢበተኑ ፈረሰኛው ይጨርሳቸዋል፤ ከኋላቸው ያለውም መሥመር ይከፈታል።»

እርሷም ብዙ ጊዜ ጐንበስ ብላ ስታይ ቆየች፤ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው፥ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ኋላ ቀና ብላ፥ «ያስነሡበት ፕሩስያኖችስ ቦታቸው የት ነበር?» ስትል ጠየቀች። ልጁ በስተቀኝ ያለውን ሜዳ አሳያት። እኛም አብረን አየን፤ ለቦታው ስፋት ሰዉ ሳሳ ያለ መሰለን፤ ነገሩን ሰምተን ስለ ነበር ይሁን ወይም በእርግጥ እንዲያ ሆኖ፥ መለየት አልቻልንም።

በባቡር ስንመለስ ልጁ ከ27ኛው ጦር ቀጥሎ ፕሩስያኖችን መቀባት እንደሚፈልግ ለእኛ ነገረን፤ እናቱ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። ኰታቸው ጥቍር ሰማያዊ ስለ ሆነ ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው አለ፤ ጥቍር ሰማያዊ ብርሃን ሲያንሰው ጥቍር፥ ሲበዛበት ደግሞ የበዓል ልብስ ይመስላል። እናቱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሃል ብላ ጠየቀችው። እስከ ገና አላት። አልመለሰችለትም፤ ትምህርት ሲከፈት ይውጡ ያለችውንም በዚያ ቀን አላነሣችም።

የቀጠርነውን ፍርድ የሰጠነው በመጨረሻው ምሽት ነው። ወታደሮቹ ይቈዩ አልን፤ ነገር ግን ጠረጴዛው ከእራት በፊት እንዲለቀቅ፥ የፈተና ሰሞንም ብሩሽ እንዳይነካ ወሰንን። እናትየው ሳትከራከረን ተቀበለች። እንደምናስበው ፍርዷን እኛ ሳንናገር በፊት ሰጥታ ነበር፤ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አጥባ፥ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፋበት አይተናልና።

በማግሥቱ ጓዛችንን አሰናድተን ስንወርድ ልጁ ገና አልተነሣም ነበር። እርሷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ወታደሮቹን በቆርኪያቸው እየያዘች ወደ ቆርቆሮው ታስገባ ነበር፤ እያስገባችም ትቈጥር ነበር። ሠላሳ አምስት ላይ አቆመችና ጐንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ፈለገች። ሠላሳ ስድስተኛው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ያበላሸነው ነው፤ የደፈነው ቀለም ተፍቆ ወልቆለት፥ አዲስ የመሠረት ቀለም ተነፍቶበት፥ ጥቍር ሆኖ ይደርቃል።